መስታወቱን ሰብረው ጎማውን ወሰዱት

የብስክሌተኞች ጥያቄና መልስ። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። መልሱን የሚሰጡት እንደተለመደው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በብስክሌት ጥገና የሚተዳደሩት ዓምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። በሥራ ቀን ኡበር እነዳለሁ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሳይክሌን መኪና ውስጥ ከትቼ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው ስካይላይን ጎዳና እወጣለሁ። ባለፈው እሁድ ሬድውድ ፓርክ መግቢያ ላይ አቁሜ ስመለስ ከኋላ በር ቀጥሎ ያለችውን ትንሿን መስታወት ሰብረዋታል። የኋላ ወንበሩን አጥፈው ለመለዋወጫ የያዝኳቸውን ሁለት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ወሰዱ። በጋቢ ሸፍኛቸው ነበር፤ ጋቢውንም ይዘውት ሄዱ! መኪናው አላርም አለው፣ መስታወቱም ጥቁር ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ኢንሹራንስስ ይከፍለኛል? ደግሞ ቤት የቀረ አንድ አሮጌ የኋላ ጎማ አለኝ፤ ቸርኬው ተሰነጠቀ እንጂ ሞዞው፣ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት መሃሉ፣ ደህና ነው። አዲስ ከምገዛ በዚያ ሞዞ ራሴ ብሠራስ? ጓደኞቼ «የባለሙያ ሥራ ነው፣ አትድከም» ይሉኛል።
ስካይላይን ወጪው፣ ከኦክላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን አንተ ደህና ሆንክ። ጎማ ይተካል፤ ጋቢውን እናትህ ፈትላው ከሆነ ግን አዝኛለሁ። አትቀየመኝና ጣጣውን ያመጣብህም እሱ ነው። ባዶ ወንበር ያየ ሌባ ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋል፤ የተሸፈነ ነገር ያየ ግን ሥሩ ያለውን ሳያይ አይሄድም።

ስለ አላርሙና ስለ ጥቁሩ መስታወት ልንገርህ፤ ሱቃችን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው እሱን ነው። የመኪና የጎን መስታወት ሲሠራ በኃይል ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ላይኛው ገጽ ተጨምቆ፣ ውስጡ ደግሞ ተወጥሮ ይቀራል። በቡጢ ብትመታው አይበገርም፤ አንዲት ስለታም ነጥብ ገጹን አልፋ ከገባች ግን የታመቀው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ መስታወቱም ባለበት ፍርፋሪ ይሆናል። ሌቦቹ የሚጠቀሙት የተሰበረ ካንዴላ ነው። የካንዴላ ነጩ ሸክላ ከመስታወት ስለሚጠነክር ትንሽዬ ስባሪ ወርውረው ያለ ብዙ ድምፅ ይጨርሱታል። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ይህን የካንዴላ ስባሪ በስሙ ጠርቶ ከሌባ መሣሪያዎች ተርታ አስገብቶታል፤ ለስርቆት አስቦ የያዘው ሰው ይጠየቅበታል። የፊቱን መስታወት የማይነኩት በሁለት ንጣፍ መሃል ፕላስቲክ ስላለበት ነው። አላርሙ ሲጮህ ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያያል? ሰዉ ለምዶታል። ጥቁሩ መስታወትም ስልኩን አብርቶ ለተጠጋ ሰው መጋረጃ አይሆንም።

ትንሿን መስታወት የመረጡት እጃቸውን አስገብተው የኋላ ወንበሩን ማጠፊያ ለማግኘት ነው። ወንበሩ ሲታጠፍ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያለው ይታያቸዋል። አንተ ቀድመህ እጠፍላቸው፤ ወንበሩ ከቤት ሲወጣ የታጠፈ ይሁን፣ ውስጡ ምንም እንደሌለ ከውጭ ይታይ። የግድ የሚቀመጥ ዕቃ ካለህም ከቤትህ ደጅ ሳትነሣ መኪናው ውስጥ ደብቀው እንጂ የፓርኩ መግቢያ ላይ ደርሰህ ኮፈን ከፍተህ አትደብቅ። እዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያይህ ሰው አለ። የብስክሌት ልብስ ለብሰህ ስትሄድ ካየህ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እንደማትመለስ ያውቃል፤ ሬስቶራንት ደጅ የቆመ መኪና ይህን ያህል ዋስትና አይሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ 2017 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ብቻ ለፖሊስ የደረሰው የመኪና ሰበራ ከ 30,000 በላይ ነበር። ከ 2023 ወዲህ እዚያ በጣም ቀንሷል፤ ጫካ መግቢያ ላይ የሚቆም ሰው ግን በዚህ ዜና ባይዘናጋ ይሻለዋል።

እኔን ከጠየቅከኝ መኪናውን ቤት ተወው። በዋኪን ሚለር መንገድ አድርገህ ስካይላይን ለመድረስ ወደ 400 ሜትር ሽቅብ ነው። ይከብዳል፤ ግን አንተ የምትወጣው ለመድከም አይደል?

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ የመኪናህ ኢንሹራንስ ኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጭ ያለውን ጉዳት የሚያካትተው) ካለው መስታወቱን ይሸፍናል፤ ያውም መጀመሪያ ከኪስህ የምትከፍለው ዲዳክትብል ተቀንሶ። ያቺ ትንሽ መስታወት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሩ መስታወት ትወደዳለች፤ ዋጋ ሳትጠይቅ የካሳ ጥያቄ አታቅርብ። መኪናው ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን የመኪና ኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም። እሱ በቤት ወይም በተከራይ ኢንሹራንስ ነው የሚጠየቀው። ብዙ ወገኖቻችን የተከራይ ኢንሹራንስ በየወሩ እየከፈሉ ከቤት ውጭ የተሰረቀ ንብረትንም እንደሚያይ አያውቁም። የፖሊስ ሪፖርቱን በኢንተርኔት ሙላ፤ ሌባውን ባይዙልህም ኢንሹራንሱ ቁጥሩን ይጠይቅሃል። የብስክሌቱን ሲሪያል ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ባይክ ኢንዴክስ በሚባለው የብስክሌት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስመዝግብ። ጎማ ብዙ ጊዜ ሲሪያል የለውም፤ ስለዚህ እኔ የምሠራው ጎማ ሁሉ ከመነዳሪው ሥር፣ የቸርኬውን ቀዳዳ የሚሸፍነውን ጥብጣብ ከማልበሴ በፊት፣ የባለቤቱ ስልክ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍበታል። አዲስ አበባ ስፖኪዮ ላይ ታርጋ እንደሚቀረጸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው ለሌባው አይታየውም። የተሰረቀ ዕቃህን በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ብታገኘው ሻጩን አትተናነቅ። ፎቶ አንሳና ፖሊስ ጥራ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው እንምጣ። ጓደኞችህን አትስማቸው፤ ሥራው። ጎማ መሥራት ትዕግሥት እንጂ ተአምር አይጠይቅም፤ ጥሩ ሞዞ እያለህ ደግሞ የሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። መጀመሪያ ኩሽኔታውን በጣትህ አዙረህ ስማው፤ ካልጎረበጠህና ወዲያ ወዲህ ካልተነቃነቀ ይሠራል።

ሰው የሚሳሳተው ልኬት ላይ ነው። ቸርኬ ላይ የተጻፈው የመጠን ቁጥር፣ 700፣ ስለ ሽቦ ርዝመት ምንም አይነግርህም። የሚያስፈልግህ ኒፕሎቹ፣ ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቁት ትንንሽ ብሎኖች፣ የሚቀመጡበት የውስጥ ስፋት ነው። ሁለት አሮጌ ሽቦዎችን እኩል 250 ሚሊ ሜትር አድርገህ ቁረጥ፣ ኒፕል አልብሳቸው፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት የቸርኬ ቀዳዳዎች አስገብተህ ወደ መሃል ሳባቸው። በመሃላቸው የቀረውን ክፍተት ለክተህ 500 ላይ ደምር። አምራቹ የጻፈውን ቁጥር አምነው ሽቦ ገዝተው፣ ወይ አጥሮ ወይ ረዝሞ አልይዝ ብሏቸው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ከዚያ ሞዞውን ለካ፦ ሽቦ የሚሰካበት ክብ ስፋቱ ስንት ነው፣ ከሞዞው መሃል እስከ ቀኝና እስከ ግራ ክቡ ርቀቱ ስንት ነው። ለምሳሌ ቸርኬው 600 ሚሊ ሜትር፣ የሞዞው ክብ 45፣ ወደ ግራ 35፣ ወደ ጥርሱ ወገን (ሰንሰለቱ ወደሚዞርበት) 18 ቢሆን፣ በ 32 ሽቦ እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ጎረቤቶቹን እያቋረጠ ሲታሰር በሽቦ ርዝመት ማስሊያ ብታሰላው የግራው 293፣ የጥርሱ ወገን ደግሞ 291 ተኩል ገደማ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ርዝመት ማዘዝህን እንዳትረሳ። ዓይነቱን በተመለከተ ጫፎቹ 2.0፣ ወገባቸው 1.8 ሚሊ ሜትር የሆኑትን ግዛ።

አገጣጠሙ በስምንት በስምንት ይሄዳል። በጥርሱ ወገን ካሉት 16 የሞዞ ቀዳዳዎች አንዱን እየዘለልክ ስምንት ሽቦ አስገባ፣ ቸርኬው ላይ በየአራተኛው ቀዳዳ እሰራቸው። የመጀመሪያው ከቫልቩ አጠገብ ካለው ቀዳዳ ይጀምራል። የቸርኬው ቀዳዳዎች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብሉ ወገኑን አይተህ ምረጥ። ቀጥሎ በግራ ስምንት፣ ከዚያ ሞዞውን በእጅህ ጠምዝዘህ የቀሩትን ስምንት ስምንት በተቃራኒ አቅጣጫ። እነዚህ ሁለት ሽቦዎችን በላይ ያልፉና ሦስተኛዋን በሥር ይሾልካሉ። ሲያልቅ ቫልቩ ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ወደየራሳቸው ሸሽተው ለፓምፑ ቦታ ከለቀቁ በትክክል ጀምረሃል ማለት ነው። ካልለቀቁ ፍታና እንደገና ጀምር፤ ይሄኔ መፍታት አሥር ደቂቃ ነው፣ ከተወጠረ በኋላ ግን ያንገበግባል።

የኒፕሉ ጠመዝማዛ ጥርስ ላይ ዘይት ያስፈልጋል። እዚህ አገር የድሮ ጎማ ሠሪዎች የሚቀቡት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የተልባ ዘይት! ቀለም መደብር የሚሸጠውን። ስትጠመዝዝ ያለሰልስልሃል፣ ከሰነበተ በኋላ ደግሞ ራሱ ይረጋና ኒፕሉ ተንቀጥቅጦ እንዳይፈታ ይይዝልሃል። በዐቢይ ጾም ተልባ የሚጠጣበት ቤት ውስጥ አድጌ፣ ኦክላንድ ውስጥ ተልባን በብሩሽ ሽቦ ላይ ስቀባ መዋሌ አሁንም ያስቀኛል።

ማወጠሩን አትቸኩል። ሁሉንም ኒፕሎች የሽቦው ጥርስ እስኪሸፈን ድረስ እኩል አጥብቅ፣ ከዚያ ዙሩን እየጨረስክ በግማሽ ዙር፣ ሲጠነክር በሩብ ዙር ሂድ። አንድ ሙሉ ዙር ሽቦውን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በትንሹ ያነሰ ይስባል፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ቸርኬውን ግን ታጣምማለች። መጀመሪያ ሽቅብ ቁልቁል መዝለሉን አስተካክል፣ ቀጥሎ ግራ ቀኝ መወላገዱን፣ ከዚያ ቸርኬው በሞዞው ሁለት ጫፎች ትክክለኛ መሃል መዋሉን። ማቃኛ ማቆሚያ ባይኖርህ ብስክሌቱን ገልብጠህ ፍሬኑን እንደ መለኪያ ተጠቀምበት። መሃል መዋሉንም ጎማውን አዙረህ በማስገባት ታየዋለህ። በጥርሱ ወገን ያለው ሽቦ መጨረሻ ላይ ከ 100 እስከ 120 ኪሎ የሚሆን መሳብ ይኖረዋል፤ ቸርኬው ላይ ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ከተጻፈ ያንን አክብር። የግራው ወደ ግማሹ ቢወርድ አትደንግጥ፣ ጥርሱ ቦታ ስለወሰደ ነው። መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ ሽቦዎቹን እንደ ክራር በጣትህ ምታቸው። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዷ ዝቅ ብላ ከተንቦቀቦቀች ቸርኬው ቀጥ ብሎ ቢሽከረከር እንኳ ጎማው አልተሠራም። ሱቅ የሚሸጡት ርካሽ ጎማዎች ችግራቸው ይኸው ነው፤ ማሽን ቀጥ አድርጓቸዋል፣ ድምፃቸው ግን እየቅሉ ነው።

በመጨረሻ ጓንት አድርግና ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ እየያዝክ በሙሉ ኃይልህ ጭመቃቸው። ይንጣጣሉ። ክርናቸው ሞዞው ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ የተጠማዘዙትም ይፈታሉ። ከዚያ እንደገና አቃና። ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ይበቃል፤ የመጀመሪያ ጎማ ነው፣ ቅዳሜህን በሙሉ ይወስድብሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ብስክሌት ልንነዳ ስንሄድ «በሩን አንቆልፈው፣ መስታወቱንም ዝቅ እናድርገው፤ ከመሰበር ይሻላል» ይላል። ደግሞ ስንመለስ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምሳ ስንበላ የልጆቹ ሳይክሎች መኪናው ኋላ በማሰሪያ በሚንጠለጠለው መጫኛ ላይ ይቆያሉ። እኔ ምሳው አይወርድልኝም። ማን ነው ልክ?
ከሳን ሆዜ

መልስ፦ እህቴ፣ በምሳው እርስዎ ልክ ነዎት። በሩንም ቢሆን አልደግፍላቸውም፤ ግን ባለቤትዎ ከመሬት ተነሥተው አላሉም፣ እዚህ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ያልተቆለፈ መኪና ግን ብዙ ጊዜ መስታወቱን ያድናል እንጂ የኋላ ኮፈኑን የሚከፍተውን ቁልፍ፣ የመኪናውን ወረቀትና የቤት አድራሻዎን ያስረክባል። እስከ ቅርብ ጊዜ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሰብሮ መስረቅን በዚያ ክስ ለማስቀጣት ዐቃቤ ሕግ በሩ ተቆልፎ እንደነበር ማስረዳት ነበረበት። ቀዳዳው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ 2024 በወጣው ሕግ ነው፤ ከ 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ሕጉ ቢስተካከልም የኢንሹራንስ ሠራተኛ «ቆልፈው ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቆልፈው፣ ባዶ አድርገው ይሂዱ።

የማሰሪያው መጫኛ በቢላ ይቆረጣል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ብስክሌቶቹ ከነመጫኛው ይሄዳሉ። ቀጭን ገመድ ቁልፍም ያው ነው፣ ልጅ የሚጫወትበት መቀስ አይቆርጠው ይሆናል እንጂ የሌባ መቁረጫ አይከብደውም። የሚያዩበት መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ወይም እንጀራውን ተጠቅልሎ ይያዙት። ብዙዎቹ የኛ ቤቶች ብስክሌት ጥግ አስደግፉ ቢባሉ እምቢ አይሉም፤ አስተናጋጇን አስቀድመው ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ሳይክሌ የቆየ ባለ 28 ነው፣ የኋላው 36 ሽቦ አለው። ጠዋት ጠዋት ታናሽ እህቴን ከኋላ ጭኜ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። በጥርሱ በኩል ያለ ሽቦ አሁንም አሁንም ይበጠሳል። ሠሪው አንዱን ይቀይርልኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቱ ይበጠሳል። አሁን «ወፍራም ሽቦ ላስገባልህ» አለኝ። ላስገባ?

መልስ፦ ልጄ፣ አታስገባ። ሽቦው ውፍረት አንሶት አይደለም የሚበጠሰው፤ ልል ሆኖ ነው። የተበጠሱትን አንሥተህ እይ። ሞዞው ውስጥ የሚታጠፈው ክርኑ ላይ ከሆነ የተቆረጡት፣ መልሱ እዚያ አለ።

የቆምክበት ጎማ ላይ ክብደትህን የሚሸከሙት መሬት ወደነካው በኩል ያሉት ሽቦዎች ናቸው፤ የሚሸከሙትም ውጥረታቸው እየቀነሰ ነው። ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ይኖር የነበረው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት እ.ኤ.አ. በ 1981 ይህን በጽሑፍ በሰፊው አብራርቶታል። እንግዲህ ያንተ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 450 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ሽቦ በያንዳንዱ ዙር አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል። ጥሩ የተወጠረ ሽቦ ከብዙ ላይ ትንሽ ይቀንሳል። ልል የሆነው ግን እህትህን ስትጭን ውጥረቱ ጨርሶ ያልቅና ክርኑ ቀዳዳው ውስጥ ይንገጫገጫል። ብረት ደግሞ በዚህ ይሰለቻል። ወፍራም ሽቦ ብዙም ስለማይለጠጥ ትንሽ ስትጫነው ቶሎ ይለቃል፤ ሠሪህ ያሰበው ለቁመናው ነው።

አንድ ሽቦ ቢበጠስ አጋጣሚ ነው። በአንድ ወገን ተከታትለው ሲበጠሱ ግን ያልተበጠሱትም አብረዋቸው ደክመዋል። በጥርሱ በኩል ያሉትን 18 በሙሉ በአንድ ጊዜ አስቀይር፣ በውፍረታቸው ልክ። ሠሪው ሲጨርስ በጣትህ እየመታህ ድምፃቸውን አዳምጥ፣ ጥንድ ጥንድም እየጨመቅክ እያቸው። ሰው ሊያታልልህ ይችላል፣ ሽቦ ግን ሲመታ የሚደብቀው የለም። ካልተመሳሰሉ አስመልሰው፤ የሠራበትን ብር ከፍለሃል፣ አትፈር። ከዚያ በኋላ እህትህን ለጥቂት ቀን በእግሯ አስኪዳት፤ አንተ ብቻህን ነድተኸው ሽቦዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ አንዴ ያጥብቅልህ። ሽቦውን ለመግዛት ስትሄድ ደግሞ ከጥርሱ በኩል ያልተበጠሰ አንድ አስወልቀህ ይዘህ ሂድ። የግራው ትንሽ ስለሚረዝም ባለሱቁ ከመደርደሪያው ያገኘውን ሊሰጥህ ይችላል፤ ጎን ለጎን አስተያይተህ ውሰድ።